ላፕቶፓችሁ ድምፅ ወይም ማይክ ሲያጣ፦ ፎርማት ከማስደረግ በፊት በተራ የሚሞከሩ ደረጃዎች

ጅማ ውስጥ ላፕቶፑ ድምፅ አልሰጥ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ሴቲንግ ሁሉ ይነካካል። ቀጥሎ ከኢንተርኔት ያገኘውን «ድራይቨር አስተካካይ» ይጭናል (ድራይቨር ዊንዶውስ ከድምፅ ዕቃውና ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር እንዲግባባ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው)። በመጨረሻ ኮምፒውተር ቤት ወስዶ ፎርማት ያስደርጋል። ከፎርማት በኋላ ድምፁ መጥቶ ማይኩ ይጠፋል፤ ወይም ሁለቱም እንደጠፉ ይቀራሉ። ፋይሉም አብሮ ሄዷል።

ድምፅ የሚጠፋባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በተራ ከተፈተሹ አብዛኛው ችግር እዚያው ቤት ያልቃል። መመሪያው ዊንዶውስ 10 እና 11 ላላቸው ነው። የሜኑዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ በሚነበቡበት አጠራር ጽፌያቸዋለሁ፤ እየፈለጋችሁ ተከተሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

- ባለ ማይክ ኢርፎን ያዙ። ስልክ ላይ እንደሚሰራ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ኢርፎኑ ራሱ የተበላሸ ከሆነ ውጤቱ ሁሉ ያሳስታችኋል።
- ላፕቶፑ ውስጥ የተቀመጠ የሙዚቃ ፋይል ይኑራችሁ። በዩቲዩብ አትፈትሹ። ኔትወርኩ ይሁን ድምፁ የተበላሸው አታውቁም።
- ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ድራይቨር እየተጫነ መብራት ቢሄድና ባትሪው ደካማ ቢሆን ከነበረው የባሰ ችግር ይፈጠራል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ። ከመቀየራችሁ በፊት የነበረውን ጻፉ።

አንድ ሕግ አለ፦ አንድ ነገር ቀይሩ፣ ፈትሹ፣ ካልሰራ ወደነበረበት መልሱ። አምስት ነገር ባንዴ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ የቱ እንዳዳነው አያውቅም። ካልተሳካለት ደግሞ አሁን ስድስት ችግር አለበት።

## ደረጃ 1፦ ድምፁ የት ጋ እንደሚጠፋ ለዩ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት፤ ቀጥሎ ወደ የትኛው ክፍል መሄድ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

1. ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ። «ሻት ዳውን» አድርጎ መልሶ ማብራት አይበቃም። ዊንዶውስ 10 እና 11 «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አላቸው። ይህ ከበራ፣ ስታጠፉት የሲስተሙን ሁኔታ በከፊል አስቀምጦ ሲነሳ ያንኑ ይጭነዋል። የተበላሸውም አብሮ ይመለሳል። «ሪስታርት» ግን ከባዶ ያስነሳዋል።
2. የሙዚቃ ፋይሉን በላፕቶፑ ስፒከር አጫውቱ።
3. ኢርፎኑን ሰክታችሁ ድገሙት።
4. በሌላ ማጫወቻ ድገሙት።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት፦

- በኢርፎን ይሰማል፣ በስፒከር አይሰማም፦ ደረጃ 2ን በደንብ ስሩ፤ ካልሆነ ደረጃ 6።
- በስፒከር ይሰማል፣ በኢርፎን አይሰማም፦ ብዙ ጊዜ የጃክ (የኢርፎን መሰኪያው) ነገር ነው፤ ደረጃ 2።
- አንዱ ፕሮግራም ላይ ብቻ ነው የጠፋው፦ ደረጃ 3 ላይ ሚክሰሩን ፈትሹ።
- የትም አይሰማም፦ ደረጃ 3፣ ከዚያ ደረጃ 5።
- እናንተ ትሰማላችሁ፣ የእናንተ ድምፅ ግን ለሌላው አይደርስም፦ ቀጥታ ወደ ደረጃ 4።

## ደረጃ 2፦ በእጅ የሚነኩ ነገሮች

የድምፅ መዝጊያ ቁልፍ። ኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ላይ የተሰረዘ ስፒከር ምስል ያለበትን ቁልፍ አንዴ ተጫኑ። ምንም ካልተለወጠ «ኤፍኤን» የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ድገሙት። ብዙ ላፕቶፖች የተሰረዘ ማይክ ያለበት ሌላ ቁልፍም አላቸው፤ መብራት ካለውና ከበራ ማይኩ ተዘግቷል ማለት ነው። ሲጸዳ ወይም ሕፃን ሲነካካው ይጫናል፤ ማንም ልብ አይለውም።

የጃኩ ቀዳዳ። ኢርፎን ሳይሰካ ላፕቶፑ «ተሰክቷል» ብሎ ካሰበ ስፒከሩን ይዘጋል። ምክንያቱ ቀዳዳው ውስጥ የገባ አቧራ ወይም የላላ መነካኪያ ነው። የጅማ እርጥበት ደግሞ አቧራውን ያጣብቀዋል።

1. ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ።
2. በስልክ መብራት ቀዳዳውን እዩ።
3. የኢርፎኑን ጫፍ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ደጋግማችሁ ሰክታችሁ ንቀሉ።
4. አብሩና ሳይሰካ ፈትሹ።

መርፌ፣ ስፒል፣ የክብሪት እንጨት አትክተቱ። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ከታጠፉ ጃኩ መቀየሩ አይቀርም። በአፍም አትንፉበት፤ የትንፋሽ እርጥበት ብሎ ብሎ ያዝገዋል።

ኤችዲኤምአይ ገመድ። ቲቪ ወይም ፕሮጀክተር ላይ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት። ድምፁ ወደዚያ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 3፦ ድምፁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እዩ

ላፕቶፑ ድምፅ እያወጣ እናንተ በሌላ በኩል ስትጠብቁት ነው ብዙ ጊዜ «ጠፋ» የሚባለው።

1. ከታች በቀኝ በኩል ያለችው የስፒከር ምልክት ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉ። «ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱ።
2. «አውትፑት» ስር የተመረጠውን አንብቡ። የቲቪ፣ የሞኒተር ወይም የብሉቱዝ ኢርፎን ስም ካለ «ስፒከርስ» ወደሚለው ቀይሩት። አጠገቡ «ሪልቴክ» ወይም «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ» የሚል ይኖራል።
3. ቦርሳ ውስጥ ወይም ጎረቤት ክፍል ያለ ብሉቱዝ ተገናኝቶ እንዳይሆን ብሉቱዙን ለጊዜው አጥፉ።
4. «ቮሊዩም ሚክሰር» ክፈቱ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ድምፅ መጠን አለው። ክሮም ወይም ቪኤልሲ ዜሮ ላይ ወርዶ ከሆነ ከፍ አድርጉት።
5. ብራውዘር ላይ ብቻ ከጠፋ፣ ከላይ ያለው ታብ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «አንሚዩት ሳይት» የሚል መኖሩን እዩ። ካለ ያንን ተጫኑ።

«ስፒከርስ» ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለስ? በዊንዶውስ 11 ገጹ ታች ላይ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ»፣ በዊንዶውስ 10 «ሳውንድ ኮንትሮል ፓነል» የሚለውን ክፈቱ። «ፕሌይባክ» ላይ ባዶው ቦታ በቀኝ ክሊክ፣ «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ»። ደብዝዞ ስፒከሩ ከመጣ በላዩ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኢኔብል»፣ ቀጥሎ «ሴት አዝ ዲፎልት» በሉት። አሁንም ካልመጣ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

ድምፅ አለ፣ ግን ይቆራረጣል ወይም ይንጫጫል። በዚያው መስኮት ስፒከሩን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። «ኢንሃንስመንትስ» የሚል ካለ ሁሉንም አጥፉ። «አድቫንስድ» ውስጥ ጥራቱን 16 ቢት፣ 48000 ሄርዝ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ስልክ ሲደወል ሙዚቃው ይቀንሳል። በቴሌግራም ወይም በዙም ስታወሩ ዊንዶውስ ሌላውን ድምፅ ሆን ብሎ ይቀንሰዋል። «ኮሙኒኬሽንስ» የሚለው ውስጥ «ዱ ናቲንግ» ምረጡ።

በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል። የስፒከሩ «ሌቭልስ» ውስጥ «ባላንስ» አለ፤ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይሁኑ።

እግረ መንገዴን፦ ቪኤልሲ ድምፅን ከ100 በላይ ያወጣል። ፊልም ስታዩ ሁልጊዜ እዚያ ላይ መተው የላፕቶፕን ትንንሽ ስፒከሮች ሊቀድድ ይችላል። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በኢርፎን ወይም በውጭ ስፒከር እዩ።

## ደረጃ 4፦ ማይክ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ምርምሩን በዙም የሚያቀርብ ተማሪም ሆነ ውጭ ካለ ወንድሙ ጋር በቴሌግራም የሚያወራ ሰው የሚቸገረው በብዛት እዚህ ጋ ነው። ማይክ አምስት በር አለው፤ አንዱ ከተዘጋ በቂ ነው። ከታች ወደ ላይ ሳይሆን በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ትክክለኛው ማይክ ተመርጧል? «ሳውንድ ሴቲንግስ» ውስጥ «ኢንፑት» ስር እዩ። የላፕቶፑ ውስጣዊ ማይክ ብዙ ጊዜ «ማይክሮፎን አሬይ» ይባላል። ዊንዶውስ 11 ላይ ማይኩን ክሊክ አድርጋችሁ «ስታርት ቴስት» በሉ፣ አውሩ፣ አቁሙ፤ የድምፃችሁን መጠን በፐርሰንት ይነግራችኋል። ዊንዶውስ 10 ላይ ስታወሩ የሚንቀሳቀስ መስመር አለ። መስመሩ ከተንቀሳቀሰ ማይኩ ደህና ነው፤ ቁጥር 2ን አይታችሁ ወደ ቁጥር 3 ሂዱ።

2. ፈቃድ አለው? ዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ «ማይክሮፎን»። ዊንዶውስ 10 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ»፣ «ማይክሮፎን»። ሦስት ማብሪያዎች አሉ። አንዱ ለላፕቶፑ በጠቅላላ ነው። ሁለተኛው ለአፖች። ሦስተኛው ወደ ታች ወርዶ «ዴስክቶፕ አፕስ» የሚል ነው። ዙም፣ ክሮምና የቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚጠቀሙት ብዙውን ጊዜ ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ሰው ደግሞ የሚረሳው እሱን ነው። ሦስቱንም አብሩ።

3. ፕሮግራሙ ራሱስ?

- *ዙም፦* ከታች በግራ «ጆይን ኦዲዮ» የሚል ከታየ ስብሰባው ውስጥ የገባችሁት ያለ ድምፅ ነው። እሱን ተጭናችሁ «ኮምፒውተር ኦዲዮ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ማይኳ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቀስት የትኛው ማይክ እንደተመረጠ እዩ።
- *ጉግል ሚት፦* አንዴ «ብሎክ» ካላችሁት ክሮም ዳግመኛ አይጠይቃችሁም። ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ተጫኑ፣ ማይክሮፎኑን ፍቀዱ፣ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ።
- *ቴሌግራም፦* «ሴቲንግስ» ውስጥ የስፒከርና የካሜራ ክፍል አለ፤ የማይኩ ምርጫ እዚያ ነው።

ሌላ ፕሮግራም ማይኩን ይዞት ከሆነም አይሰራም። ሁሉንም ዝጉና አንዱን ብቻ ክፈቱ።

4. ድምፁ ደካማ ነው? «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ»፣ «ሪከርዲንግ»፣ ማይኩን ሁለቴ ክሊክ፣ «ሌቭልስ»። ከ80 እስከ 90 አድርጉት። «ማይክሮፎን ቡስት» የሚል ካለ አንድ ደረጃ ብቻ ጨምሩ። እስከ መጨረሻው ከወሰዳችሁት የማራገቢያውን ጩኸት፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ፣ ሁሉንም ነው ከፍ የሚያደርገው።

5. የኢርፎኑ ጫፍ ባለ ስንት ቀለበት ነው? የሚሰካውን ብረት እዩ። ሦስት መስመር ካለው ማይክ አለው። ሁለት መስመር ብቻ ካለው ማይክ የለውም፤ ሴቲንግ ብትነካኩ ዋጋ የለውም። አረንጓዴና ሮዝ ጫፍ ያለው ባለ ሁለት ገመድ ሄድሴት ከሆነ ደግሞ ባለ አንድ ቀዳዳ ላፕቶፕ ላይ ለመሰካት ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ማገናኛ ያስፈልጋል። ስትሰኩ ስክሪኑ «ምን ሰካችሁ?» ብሎ ከጠየቀ «ሄድሴት» በሉት። «ሄድፎን» ካላችሁት ማይኩን አያበራውም።

### ዝናብ፣ ቆርቆሮና ስብሰባ

ይህ የጅማ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ኮርኒስ በሌለው ቤት ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በላፕቶፑ ማይክ ማውራት አይታሰብም። «ማይክህ ተበላሽቷል» የሚባለው ግማሹ ዝናብ ነው።

- የላፕቶፑን ማይክ ተዉት። ባለ ገመድ ኢርፎን ሰኩና ማይኩን ወደ አፋችሁ አቅርቡ። ልብስ ላይ እንዳይታሽ ያዙት።
- «ማይክሮፎን ቡስት» ወደ ዜሮ ይመለስ።
- ዙም ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ኦዲዮ» ውስጥ የጀርባ ድምፅ መቀነሻ አለ፤ «ሃይ» ላይ አድርጉት። ዘፈን የምታሰሙ ከሆነ ግን አይሆንም፤ ዘፈኑንም ይቆርጠዋል።
- ሳታወሩ ስትቀሩ ማይኩን ዝጉ።

### ብሉቱዝ ስትጠቀሙ ሙዚቃው የድሮ ስልክ ከመሰለ

ብሉቱዝ ኢርፎን ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ድምፅ ይወርዳል። አልተበላሸም። «አውትፑት» ብሉቱዙን፣ «ኢንፑት» የላፕቶፑን ማይክ አድርጉ፤ ጥራቱ ይመለሳል።

### ቻርጀር ሲሰካ የሚያንጎራጉር ድምፅ

ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ፈትሹ። ጩኸቱ ከጠፋ ችግሩ ቻርጀሩ ወይም ኧርዝ የሌለው ሶኬት ነው። ኧርዝ ያለው ሶኬት ላይ ሞክሩ። ሦስተኛውን የፕለግ ጥርስ ቆርጦ ማስገባት አደገኛ ነው፤ አታድርጉት። አስቸኳይ ስብሰባ ከሆነ በባትሪ ግቡ።

### የራሴ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል

በስፒከር የሚያዳምጥ የሌላ ሰው ማይክ ድምፃችሁን መልሶ ይቀበላል፣ ወይም አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው በስፒከር ገብቷል ማለት ነው። በስፒከር የሚያዳምጠው ኢርፎን ያድርግ።

## ደረጃ 5፦ ድራይቨር

እስከዚህ ካልተስተካከለ ወይም ችግሩ ከፎርማት በኋላ ከመጣ እዚህ ናችሁ። መጀመሪያ ፍለጋው ላይ «ክሬት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ መመለሻ ነጥብ ፍጠሩ። ከተበላሸ ወደዚያ ትመለሳላችሁ።

1. ሰርቪሱን ቀስቅሱ። ፍለጋው ላይ «ሰርቪስስ» በሉ። «ዊንዶውስ ኦዲዮ» የሚለውን ፈልጉ፣ በቀኝ ክሊክ፣ «ሪስታርት»። ከቆመ «ስታርት»። ፈትሹ።
2. ዲቫይስ ማናጀር ክፈቱ። ስታርት ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። «ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» የሚለውን ዘርጉ።
3. ምልክቱን አንብቡ። ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ካለች ተዘግቷል፤ በቀኝ ክሊክ «ኢኔብል»። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለ ድራይቨሩ ታሟል። «አዘር ዲቫይስስ» ስር «መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር» ካለ ድራይቨር ጨርሶ የለም።
4. አውጥታችሁ መልሱት። የድምፁን ዲቫይስ በቀኝ ክሊክ፣ «አንኢንስቶል ዲቫይስ»። ድራይቨሩን ሰርዝ የምትለዋን ሳጥን ምልክት አታድርጉባት። ሪስታርት አድርጉ፤ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል።
5. አልሆነም? በቀኝ ክሊክ «አፕዴት ድራይቨር»፣ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር»፣ «ሌት ሚ ፒክ»። «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚለውን ምረጡ። ይህ የማይክሮሶፍት የራሱ ቀላል ድራይቨር ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። አዲስ አፕዴት ድምፁን ካጠፋው ግን ከዚህ በፊት «ፕሮፐርቲስ»፣ «ድራይቨር»፣ «ሮል ባክ» ሞክሩ።
6. ከአምራቹ አምጡ። የኤችፒ፣ የዴል ወይም የሌኖቮ የድጋፍ ገጽ ላይ ግቡ። ላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር አስገቡ፣ «ኦዲዮ» የሚለውን ብቻ አውርዱ። ፋይሉ መቶዎች ሜጋባይት ሊደርስ ስለሚችል ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወይም የሌሊት ዳታ ጥቅል ጠብቁ። ዋይፋዩም ከፎርማት ጋር ከጠፋ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አብሩ።

ስፒከሩ ተመልሶ ማይኩ ብቻ ከቀረ፦ በብዙ አዳዲስ ባለ ኢንቴል ላፕቶፖች የውስጡ ማይክ የሚሰራው «ኢንቴል ስማርት ሳውንድ ቴክኖሎጂ» በሚባል ሌላ ድራይቨር በኩል ነው። ፎርማት ያደረገው ሰው ሪልቴክን ብቻ ጭኖ ይተወዋል። አምራቹ ገጽ ላይ በዚህ ስም ፈልጉት፤ ቺፕሴት ወይም ኦዲዮ ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። የማይመጥን ድራይቨር ያስገባሉ፤ አንዳንዶቹ ቫይረስና ማስታወቂያ ይዘው ነው የሚመጡት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ድምፅ አይጠፋባችሁም በዚህ ምክንያት። አምራቹ ገጽ ላይ ለ11 የተዘጋጀ ድራይቨር ብቻ ካገኛችሁ ግን የቆየውን የ10 ፋይል እዚያው ፈልጉ።

## ደረጃ 6፦ ሃርድዌር መሆኑን ማረጋገጥ

ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሌላ ሲስተም) የተጫነበት ፍላሽ ያለው ሰው ካገኛችሁ ላፕቶፑን በእሱ አስነሱት፤ «ትራይ ኡቡንቱ» በሉ እንጂ «ኢንስቶል» አትበሉ። እዚያ ድምፅ ካለ ችግሩ ዊንዶውስ ውስጥ ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። እዚያም ከሌለ እቃው የተበላሸ ሳይሆን አይቀርም።

ጃኩ ከሞተ ወዲያው ላፕቶፑን አታስፈቱ። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ አለ፤ የኢርፎንና የማይክ ቀዳዳ ይዞ ይመጣል፣ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ድራይቨር ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ጃክ ከማስቀየር ይረክሳል።

ቡና ከፈሰሰበት ሌላ ነገር ነው። የኃይል ቁልፉን ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ፣ ቻርጀር ንቀሉ፣ ባትሪው ከወጣ አውጡ፣ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ከሰል አጠገብ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ስር አታድርጉት። ድምፅ ይሰራ እንደሆነ ለማየት አታብሩት። ስኳር ያለው ቡና ደርቆም ቦርዱን ይበላዋል፤ ስለዚህ ከፍቶ የሚያጸዳ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

## ጥገና ቤት ከሄዳችሁ

ከቤት ሳትወጡ ፋይላችሁን ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ድምፅ የለውም» ከማለት «በኢርፎን ይሰማል፣ በስፒከር አይሰማም፣ በኡቡንቱም አይሰማም» በሏቸው። እቃ የሚቀየር ከሆነ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ የወጣውንም አሮጌ እቃ ተቀበሉ።

ፎርማት የግድ ነው ከተባለ፣ ከፎርማቱ በፊት የኦዲዮውን፣ የቺፕሴቱንና የዋይፋዩን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ላፕቶፑን ከመረከባችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አንድ ዘፈን አጫውቱ፣ በኢርፎን ድገሙት፣ በማይኩ ድምፃችሁን ቀድታችሁ መልሳችሁ አዳምጡ።